ባለ ክንፏ የባሕር ሴት፦ ወፍ ናት ወይስ ዓሣ? (ለጂማ ቡና ቤት ግድግዳ)

ቀለም በጥባጭ (ጂማ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ሂርማታ ላይ ለሚከፈት ቡና ቤት 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የግድግዳ ሥዕል ታዝዟል። የተመረጠው ርእስ በግሪኮች ተረት መርከበኛን በዘፈን የምታጠምደው ባለ ክንፍ የባሕር ሴት ነው። በስልክ ሲፈለግ ግን ግማሹ ሥዕል የዓሣ ጅራት፣ ግማሹ የወፍ እግር ያሳያል፤ አንዳንዱም ላይ እንደ መልአክ ክንፍ የለበሰች ቆንጆ ትወጣለች። የጥንቷ የትኛዋ ናት? ስንት ናቸው? ምን ይይዛሉ? መርከበኞቹ ጆሯቸውን ደፈኑበት ስለሚባለው ሰምስ ምን ታውቃላችሁ? ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ማረም ከባድ ነውና የምታውቁ ንገሩን።

የተረት ጎተራ
የጥንቷ ወፍ ናት። የዓሣ ጅራት ያወጣችው ሺህ ዓመት አልፎ ነው። ስሟ በግሪክኛ ሴይሬን ነው፤ በአማርኛ ሲሬን እንበላት።

ከጥንቱ የግሪክ ባለ ቅኔ ከሆሜር ልጀምር፤ «ኦዲሴይ»፣ 12ኛው መጽሐፍ። ሆሜር መልካቸውን ጨርሶ አይናገርም። ክንፍም አላለ፣ ጅራትም አላለ። የሚነግረን ቦታውን ነው፦ ለምለም መስክ ላይ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው የበሰበሱ ሰዎች አጥንት ተከምሯል፣ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተኮማትሯል። መርከቧ ስትቀርብ ነፋሱ ቀጥ ይላል፣ ባሕሩ ይተኛል፤ ቀዛፊዎቹ ሸራውን አጥፈው መቅዘፊያ ይይዛሉ። ሠዓሊዎች አዘውትረው የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሸራው በነፋስ ተወጥሮ የሚታይበት የሲሬን ሥዕል ካየህ፣ የሳለው ሰው ታሪኩን በወሬ ነው የሰማው።

ብዛታቸው ከሰዋስው ይታወቃል። የጥንቱ ግሪክኛ ከነጠላና ከብዙ ሌላ ለሁለት ነገር ብቻ የሚያገለግል የቁጥር መልክ አለው። ሆሜር በዚያ መልክ ስለሚጠራቸው ሁለት ናቸው። ሦስት ያደረጓቸው ከሱ በኋላ የመጡት ናቸው። በአፖሎዶሮስ ስም በሚጠራው የተረት መድብል ፔይሲኖኤ፣ አግላኦፔና ቴልክሲኤፔያ ይባላሉ፤ አንዷ ክራር የሚመስለውን ሊራ ትመታለች፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ዋሽንት ትነፋለች፣ ከጭናቸው በታች ወፍ ናቸው። በደቡብ ኢጣሊያ ዳርቻ የሚጠሩት ስሞች ደግሞ ፓርቴኖፔ፣ ሊጌያና ሌውኮሲያ ናቸው። የፓርቴኖፔ ሬሳ የወጣው ዛሬ ኔፕልስ ያለችበት ዳርቻ ላይ ነው ስለሚባል ከተማዪቱ እስካሁን በቅጽል በስሟ ትጠራለች።

ክንፉ ከየት መጣ? የሮማው ባለ ቅኔ ኦቪድ እንደሚለው የአምላኳ የዴሜተር ልጅ ፐርሰፎኔ ስትጠለፍ አብረዋት አበባ ሲለቅሙ የነበሩ ልጃገረዶች ናቸው። የብሱን ሁሉ ፈልገው ሲያጧት፣ ባሕሩን በላይ በላይ እየበረሩ እንዲፈልጓት ክንፍ ለመኑ፤ ተሰጣቸው። ዜማቸው እንዳይጠፋ ግን ፊታቸውና ድምፃቸው የሰው ሆኖ ቀረ። ሌላው የላቲን ጸሐፊ ሂጊኑስ ይህንኑ ታሪክ ገልብጦ ቅጣት ያደርገዋል፦ እናትየዋ ዴሜተር ልጄን ሳታድኗት ቀራችሁ ብላ አእዋፍ አደረገቻቸው። የኦቪዱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ጓደኛን ፍለጋ የበቀለ ክንፍ መሆኑ ሥዕሉን በሙሉ ይለውጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። መርከበኛውን የሚያጠፋው ውበታቸው አይደለም። የዘፈኑ ቃል ሆሜር ላይ ተጽፏል፤ የመርከቧን አለቃ ኦዲሴዎስን በስሙ ይጠሩታል፣ በትሮይ ጦርነት የሆነውን ሁሉ እናውቃለን ይሉታል፣ በምድር ላይ የሚሆነውንም ሁሉ እናውቃለን፣ እኛን የሰማ የበለጠ አውቆ ይሄዳል ይሉታል። ማጥመጃው እውቀት ነው። ስለዚህ ገላዋን የምታሳይ ኮረዳ አድርገህ አትሣላት፤ ዐዋቂ ፊት ስጣት።

የአጂፕ ልጅ
ታዲያ በዓለም የታወቀው የስታርባክስ ቡና ጽዋ ላይ ያለችው ባለ ሁለት ጅራቷ ሴት ምንድን ናት? እነሱም ሲሬን ነው የሚሏት። ለቡና ቤት ከሆነ ያቺ አትሻልም?

ብራና ፋቂ
ያቺ የመካከለኛው ዘመን ሲሬን ናት። ድርጅቱ ሲያትል ላይ በ1971 ሲከፈት የመረጠው ባለ ሁለት ጅራቷን ነው፤ እንዲያ ዓይነቷ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ላይም ተቀርጻ ትገኛለች። የቡና አገር ላይ ቆሞ የሌላ ቡና ሻጭ ዓርማ የሚመስል መሣል ግን ለቤቱ አይበጅም፤ ወፏ ጂማ ላይ አዲስ ናት።

ለውጡ የሚታይበት መጽሐፍ በላቲን የተጻፈው የአስፈሪ ፍጡራን መድብል ነው፤ ዘመኑ ወደ 700 እ.ኤ.አ. ገደማ። እዚያ ሲሬኖች እስከ እምብርታቸው ልጃገረድ፣ ከዚያ በታች ቅርፊት ያለው የዓሣ ጅራት እንዳላቸው ተጽፏል። ላቲኑ ለላባና ለዓሣ ክንፍ የሚጠቀምባቸው ቃላት ፔና እና ፒና ናቸው፤ በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ለውጡን ያገዘው ይህ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለቱ አብረው ኖሩ። ጽሑፉ ወፍ እያለ ሥዕሉ ዓሣ የሚያሳይበት ብራና አለ፤ ክንፍም ጅራትም የደረበችም አለች። ባለቤቶቹ ባሕሩ ይታይ ካሉህ ይቺ ሦስተኛዋ የታወቀች መልክ ናት፤ የፈጠራ ሥራ ተብላ አትነቀፍም።

ወደኛ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ስለ እንስሳት ባሕርይ የሚናገረው ፊሳልጎስ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ ሆሜል የተባለው ጀርመናዊ የግእዙን ንባብ በ1877 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የግሪኩ ፊሳልጎስ ሲሬንን እስከ እምብርት ሰው፣ ከዚያ በታች ዝይ ያደርጋታል። ዝይ መሆኗን ልብ በሉልኝ። ከዓሣው በፊት ውኃ ለመደች ማለት ነው፤ እግሯም በቆዳ የተያያዘ ይሆናል።

ዋናው ግን መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ምዕራፍ 19፣ ቁጥር 2። ዑርኤል ለሄኖክ የወደቁትን መላእክት ቦታ ሲያሳየው ስለ ሴቶቻቸው ይናገራል። በግብፅ አክሚም ከመቃብር በተገኘው፣ በ1892 እ.ኤ.አ. በታተመው የግሪክ ብራና ላይ ሴቶቹ «ሲሬኖች ይሆናሉ» ይላል። ግእዛችን ደግሞ «እንደ ሰላማውያን ይሆናሉ» ይላል። ሲያነቡት ግራ ያጋባል፤ መላእክትን ያሳቱ ሴቶች በምን ሥራቸው ሰላማውያን ይባላሉ?

የሆነው ይህ ነው። የጥንቱ የግሪክ ጽሕፈት በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አይተውም፤ የእኛን ሁለት ነጥብ የመሰለ መለያም የለውም። «ኤይስ ሴይሬናስ» ማለት «ወደ ሲሬንነት» ነው። «ሆስ ኤይሬናያይ» ማለት ደግሞ «እንደ ሰላማውያን» ነው። ሰላም በግሪክኛ ኤይሬኔ ነውና ሴይሬን ላይ ያለችው «ስ» ወደፊተኛው ቃል ከተጠጋች የሚቀረው ሰላም የሚመስል ቃል ነው። ተርጓሚው ወይም ከፊቱ የነበረው ገልባጭ በዚህች ፊደል ተሳተ። ባለ ክንፏ የባሕር ሴት ወደ ግእዝ ልትገባ ደጃፍ ደርሳ፣ ሰላም ተብላ ገባች። በአማርኛ የሲሬን ስም ያልተለመደበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

የአጂፕ ልጅ
ይህንን እንኳ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እግዜር ይስጥልን። ሌላ ቦታ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለች?

ብራና ፋቂ
በሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ላይ አለች። ኢሳይያስ 13፥21 እና ሚክያስ 1፥8 ላይ ዕብራይስጡ ሰጎን የሚያሰኝ ቃል ሲኖረው ግሪኩ ሲሬን ይላል። ተርጓሚዎቹ በፍርስራሽ ውስጥ የሚያላዝን ወፍ ሲያጋጥማቸው የሚያውቋት እሷን ነበር። ሚክያስ ላይ ቃሉ ለልቅሶ የገባ ነው፤ ይህም ባጋጣሚ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴናውያን በመቃብር ላይ የሲሬን ሐውልት ያቆሙ ነበር፤ አንዳንዷ ፀጉሯን ትነጫለች፣ አንዳንዷ ሊራ ይዛ ታንጎራጉራለች። ሙሾ አውራጅ ናት። አልቃሽ የሚለው ቃል ለዚያች ሲሬን የተሠራ ይመስላል።

መንደራ
ሃርፒያ ከምትባለው ጋር አንድ ናቸው? ሁለቱም ሴት፣ ሁለቱም ባለ ክንፍ።

የተረት ጎተራ
አይደሉም። ሃርፒያ ማለት ነጣቂ ማለት ነው፤ አውሎ ነፋስ ናት። የጥንቱ ባለ ቅኔ ሄሲዮድ አኤሎና ኦኪፔቴ የሚባሉ ሁለት እህቶች ያደርጋቸዋል፤ ፀጉራቸው ያማረ፣ ከነፋስ እኩል የሚበሩ። አስቀያሚ የሆኑት በኋላ ነው። የዓይነ ስውሩን የፊኔዎስን ምግብ ከእጁ እየነጠቁ የተረፈውን የሚያገሙት እነሱ ናቸው። ለሥዕል መለያው አጭር ነው፦ ሃርፒያ ትበርራለች፣ ጥፍሯ ይሠራል፣ አፏ ዝም ይላል፤ ሲሬን ተቀምጣ ትዘፍናለች። ሊቃውንቱም ተሳስተው ያውቃሉ። ከሊቅያ (ዛሬ ቱርክ) ክሳንቶስ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የሄደው ወደ 480 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተሠራው መቃብር «የሃርፒያዎች መቃብር» ተብሎ ቀረ፤ ትንንሽ ሰዎችን አቅፈው የሚወስዱት ክንፋም ሴቶች ግን ነፍስ ሸኚ ሲሬኖች ናቸው የሚለው አስተያየት ዛሬ ሚዛን ይደፋል።

ባሕርና ክንፍ የሚያገናኛቸው ሌላም አለች፤ አልኪዮኔ። ባሏ በመርከብ አደጋ ሲሞት ራሷን ወደ ባሕር ወረወረች፣ አማልክት ሁለቱንም ዓሣ አጥማጅ ወፍ አደረጓቸው። በክረምቱ አጋማሽ፣ ፀሐይ አጭር ቀን የምታደርግበት ሰሞን፣ ጎጆዋን እንድትታቀፍ ባሕሩ ጸጥ ይልላታል። ስላቮች አልኮኖስት የሚሏት ባለ ሴት ፊት ወፍ ከዚህች ስም የወጣች ናት፤ ጓደኛዋ ሲሪን ደግሞ የኛዋ ሲሬን ናት፣ በቢዛንታይን በኩል ሩሲያ የገባች። አክሊል ደፍታ የምትሣለው ያቺ ስለሆነች፣ አክሊል አድርገህ ከሣልክ ሥዕልህ የሩሲያ ይሆናል።

አባ ቀፎ (ጌራ)
ስለ ሰሙ ማንም አልመለሰምና እኔ ልናገር። ሆሜር ላይ ኦዲሴዎስ ትልቅ የሰም ክብ በስለታም ነሐስ ቆራርጦ በእጁ ያሻል፤ የእጁ ጉልበትና የፀሐይ ሙቀት ያለዝበዋል፣ ከዚያ ዘፈኑን እንዳይሰሙ የጓዶቹን ጆሮ ተራ በተራ ይደፍናል፤ እሱ ግን ሊሰማ ፈልጎ ምሰሶው ላይ ይታሰራል። ይህ በንብ ሰም የሚሠራ ሰው የጻፈው ያህል ትክክል ነው። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለመለዘብ ግን ያን ያህል አይፈልግም፤ የእጅ ሙቀት ይበቃዋል። ጠዋት በብርድ ከጨበጥከው ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ፀሐዩ በሥዕሉ ላይ ቦታ አለው፤ ትዕይንቱ ሌሊት አይደለም።

ብዛቱን ብናሰላ፣ ለአንድ ጆሮ 3 ግራም ቢገባ ለ40 ቀዛፊ 240 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ አይሞላም። አንድ ክብ ለሁሉም ይተርፋል።

ክቡን ከእውነተኛ ሰም አይቶ ለመሣል የሚፈልግ፣ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ያገኛል። በብረት ድስት እንዳታነጥሩት፤ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል። በአልሙኒየም ወይም በማይዝግ ድስት ሰፈፉን ከውኃ ጋር አሙቁ፣ እንዲፈላ አትፍቀዱ፤ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ወርቃማ ቀለሙ ይበላሻል። ውኃ ሳይኖረው በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ደግሞ ይነዳል። በሻሽ አጣሩት፣ ተከድኖ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ሰሙ ከላይ ተጋግሮ ይወጣል፣ ከሥሩ የሚለጠፈውን ዝቃጭ በቢላ ፋቁት። ቶሎ ከቀዘቀዘ መሐሉ ይሰነጠቃል።

ጆሮ ውስጥ ግን ንጹሕ ሰም አትክተቱ። ይፈረፈርና ውስጥ ይቀራል። በርሊን ላይ በ1907 እ.ኤ.አ. ኦሮፓክስ የተባለውን የጆሮ መድፈኛ የሠራው ፋርማሲስት ሐሳቡን ከዚሁ ታሪክ ነው የወሰደው፤ ሰሙን ከቫዝሊንና ከጥጥ ጋር ያዋሐደው ንጹሑ አልሆን ስላለው ነው።

መንደራ
አባ፣ እግዜር ይስጥልን። የአምቡላንሱ ሳይረንስ ከዚህ ነው የመጣው? ጂሬን ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም ጋር ስሙ ይገጥማል የሚል ሰው ሰምቻለሁ።

የተረት ጎተራ
ጂሬን የኦሮሞ ስም ነው፤ ከግሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ድምፁ ብቻ ገጠመ። የአምቡላንሱ ግን እውነት ነው። ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላ ቱር በ1819 እ.ኤ.አ. በሠራው መሣሪያ ላይ ቀዳዳ ያለው ክብ ሳህን ይሽከረከራል፣ አየር በቀዳዳዎቹ እየተቆራረጠ ያልፋል፣ ድምፅ ይሆናል። ቀዳዳው 20 ቢሆንና በሴኮንድ 22 ጊዜ ቢዞር 440 ኸርዝ ይሰጣል፤ ለሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ የምንጠቀምበት ድምፅ ነው። ውኃ ውስጥም ስለሚዘምር ሲሬን አለው።

ብሩሽ አጣቢ
ወደ ግድግዳው እንመለስ፤ ቀለም በጥባጭ የጠየቀው እሱን ነውና።

የመጀመሪያው ችግር ተመልካቹ ነው። ክንፍ ያለው የሴት ራስ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ላየ ሰው ኪሩብ ነው። ጂማ ላይ ደግሞ ሙስሊሙም ብዙ ነው፤ በፋርስና በሕንድ ድንክ ሥዕሎች ላይ ነቢዩ ሙሐመድ የተቀመጡበት ቡራቅ ክንፍና የሴት ፊት ይዞ በአራት እግር ይሣላል። ሁለቱም ቅዱስ ነገር ናቸው። ቡና ቤት ግድግዳ ላይ የማንንም ልብ ማስቀየም የለብህምና መለያውን ከሩቅ እንዲታይ አድርገው፦ ሁለት የወፍ እግር ብቻ፣ ሦስት ጣት ወደፊት አንድ ወደ ኋላ፣ ድንጋይ የጨበጠ ጥፍር፣ አጭር የወፍ ጅራት። ኮርቻ፣ አክሊል፣ የብርሃን ክብ አይኑር። ዓይኗም እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ለፊት አይመልከት፤ በጎን አሳያት።

መነሻ የሚሆንህ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የሲሬን ማሰሮ ነው፤ ከ480 እስከ 470 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ፣ ኢጣሊያ ቩልቺ ላይ የተገኘ። መደቡ ጥቁር፣ ምስሉ የሸክላ ቀለም። እዚያ ሲሬኖቹ ክንድ የላቸውም፤ ራስ ብቻ ሴት፣ የቀረው ወፍ። ሁለቱ ገደል ላይ ናቸው፣ ሦስተኛዋ ዓይኗን ጨፍና ወደ ታች ትወርዳለች። ኦዲሴዎስ ምሰሶው ላይ ነው። ሊራ የምትይዝ ከፈለግህ ክንድ ያስፈልጋልና የአቴናን የመቃብር ሲሬን ተከተል፤ እስከ ወገብ ሴት ናት። ሁለቱን አትቀላቅል።

ክንፉ ላይ የሚሳሳቱት ላባውን ሁሉ አንድ ቁመት በማድረግ ነው። ዶሮ ክንፍ ዘርግተህ እይ፦ ከጫፉ 10 ገደማ ረጃጅም ላባ፣ ከዚያ ወደ ገላ የሚጠጉ አጠር ያሉ፣ በላያቸው እንደ ክዳን ሣር የተደራረቡ ትንንሾች። ክንፉ የሚነሣው ከትከሻ ነው፤ ከወገብ ከተነሣ የተሰፋ ይመስላል። አንገቷ ላይ ሥጋው በአንድ መሥመር ተቆርጦ ላባ አይጀምር፤ መጀመሪያ ደቃቅ ላባ፣ ወደ ደረት ሲወርድ እየሰፋ ይሂድ።

ንድፉን በ25 ሴንቲሜትር ካሬ ክፈለው፤ 12 በ8፣ 96 ካሬ ይሆናል። ልስኑ አዲስ ከሆነ 28 ቀን ሳይሞላው ስቱኮ አትምታ። የጂማ ዝናብ ረጅም ነውና ከመሠረቱ እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ላይ ጨው እንደ ዱቄት ይወጣል፣ ጥቁሩን መደብ አስቀድሞ የሚያበላሸው እሱ ነው። ላስቲክ በቴፕ ለጥፈህ አንድ ሌሊት አሳድረው፤ ከሥሩ ላብ ከያዘ ገና ነው፣ ጠብቅ። እንዲህ ባለው ግድግዳ ላይ ዘይት ቀለም እርጥበቱን ያፍንና ይቀረፋል፤ ውኃ ቀለም ይሻላል።

ቀለም በጥባጭ (ጂማ፣ ሂርማታ)
ተባረኩ ሁላችሁም። ክንድ የሌላት፣ የማሰሮዋ ተመርጣለች። ሁለት ነገር ብቻ ቀረ፦ ገመዱ የት የት ይታሰር? ስም ቢጻፍባቸውስ?

የተረት ጎተራ
ገመዱ ሆሜር ላይ እጅና እግር ነው፤ ምሰሶው ሥር ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የገመዱ ጫፍ ከምሰሶው ጋር ተጠፍሮ። ፍቱኝ ብሎ በቅንድቡ ሲጠቅስ ፔሪሜዴስና ኤውሪሎኮስ ተነሥተው የበለጠ አጠበቁት። ቀዛፊዎቹ አልሰሙምና ወደ ሲሬኖቹ አይዙሩ፤ ፊታቸው መቅዘፊያቸው ላይ ይሁን።

ስም ይጻፍ። ማሰሮው ላይም ከአንዷ ሲሬን ራስ አጠገብ ሂሜሮፓ ተብሎ ተጽፏል፤ ድምፀ ናፍቆት እንደ ማለት ነው። በግእዝ ፊደል ጻፈው።

ብራና ፋቂ
የምትወርደዋ ላይ ስም አትጻፍ። ስትጽፍም ቃላቱን በሁለት ነጥብ ለያቸው።